ዋርካ ከተማ ገባ

ዳዲ ዘገየ።

ሐሚዳ ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ተራ ጥግ ላይ ባዶ የስቱኮ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች። ለሚያያት ሰው ዕቃ የሚጭንላት መኪና የምትጠብቅ ባለሱቅ ናት። ዓይኗ ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ላይ ነው። ሰውየው ለታክሲ ተሰልፎ ተራው ደረሰ። አልገባም። ዞሮ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ።

መሄጃ ያለው ሰው እንዲህ አያደርግም።

ዳዲ ከጀርባዋ ብቅ አለ። አርባውን ያለፈ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከከተማው ባሻገር ባሉት ሸንተረሮች ላይ ለመሸጉት አማፂያን ከከተማ የሚፈልጉትን የሚያመላልሰው እሱ ነው። አለቃቸው በንቲ የእህቱ ባል ነው።

«ጀሶ አለሽ?» አለ ጮክ ብሎ።

«ጀሶ አልቋል። ስቱኮ ልስጥህ።»

«እሱም ይበቃል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አለቃው ገብተዋል።»

«ዶክተሩ በላከላቸው መኪና?»

«እሱን መልሰው ሰደዱት። በእኔ መኪና፣ ከአሸዋው ጋር ነው የመጡት። ፉሪ፣ ብሎኬት ማምረቻው ጎን አቁሜዋለሁ።»

ሐሚዳ ከባልዲው ተነሳች። ፊቷ ንቅንቅ አላለም።

«አንተ ቅደም። እኔ ዶክተሩን አናግሬ እመጣለሁ።»

ዳዲ ሄደ። ግራጫው ጃኬት አልተከተለውም። እሷን ነው የሚያየው።

ሐሚዳ የሱቅ ስሟ ነው። በምስጢር በምትሠራለት የመንግሥት ደኅንነት ቢሮ «ሚዛን» ትባላለች። እናቷ ባወጣችላት ስም ከተጠራች ቆይታለች። ለቡ ላይ የቀለም ሱቅ የከፈተችው አማፂያኑ ከተማ ውስጥ ሰው እንደሚፈልጉ በታወቀ ጊዜ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ከቡታጅራ የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ነጋዴ ሆና ገባች። ማንበብ አለመቻሉን የጨመረችው ራሷ ናት። ሁለት ዲግሪ አላት። «ማንበብ የማትችል ሴት ፊት ማንም ወረቀቱን አይደብቅም» ብላ ነበር ለአለቃዋ። ልክ ነበረች።

አንድ ነገር ግን አላሰበችበትም። ዳዲ አራተኛ ክፍል ደርሶ ነው ያቋረጠው። ባልዲዎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበላት ሳለ ሳታሳዝነው አልቀረችም፣ ፊደል ያስተምራት ጀመር። ካርቶን ይቀድና በተረፈ ቀለም ይጽፍላታል። «ይቺ ለ ናት። ለቡ ስትዪ የምትመጣው።» እሷ ሆን ብላ ትሳሳታለች። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቷት አያውቅም።

ስልኳን አወጣች። በስልኩ ላይ «የቀለም አከፋፋይ» ተብላ የተመዘገበችው ጸሐይወርቅ ናት፤ የቢሮው የትንተና ክፍል ኃላፊ፣ ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰች፣ ከተናገረች ሰው የሚያዳምጣት ሴት።

«እትዬ፣ ነጩ ቀለም ገብቷል።»

ነጩ ቀለም ማለት ዋርካ ማለት ነው። ዋርካ ማለት በንቲ።

«በተባለው መኪና?»

«አይደለም። የተላከለትን መልሶ በራሱ መጣ።»

«ማን መከረው?»

«ማንም። ራሱ ነው የ…»

«እንደገና እንዳትጀምሪ» አለች ጸሐይወርቅ። «ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው እኮ ነው። የሚያስብለት ብዕር ነው።»

ብዕር ዶክተር ኦልጅራ ነው። የአማፂያኑ ቃል አቀባይ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ ሲናገር አፍ የሚያስከፍት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከቢሮው ጋር በምስጢር እየተነጋገረ ነው። ዛሬ ከሰዓት በንቲና የመንግሥት ተደራዳሪዎች ፉሪ ባለው በኦልጅራ ቤት ይገናኛሉ ተብሏል። ከዚያ አብረው ላፍቶ ወዳለ ሆቴል ሄደው በጋዜጠኞች ፊት እርቁን ይፋ ያደርጋሉ። የሐሚዳ ተልእኮ አጭር ነበር፤ በንቲን ከዚያ ቤት ማድረስ።

«ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ተከትሎኛል። የእኛ ነው?»

«የእኛ አይደለም። ሥራሽን ሥሪ።»

መልሱ ፈጠነባት።

ወደ ፉሪ በሚሄደው ሚኒባስ ከሴቶች መሃል ተጣብቃ ስትቀመጥ ያ የለመደችው ንዴት ተመለሰባት። በንቲ መልእክት የሚልከው በስልክ አይደለም። ቃሉን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ሰው አፍ ይልካል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ አንዱ ቢያዝም ምንም አያወጣም። የትኛው ጠመንጃ በማን እጅ እንዳለ፣ የትኛው ከየትኛው ገደል ሥር እንደተቀበረ፣ የቦታውን ስም ከባለመሬቱ የዘር ሐረግ ጋር አያይዞ ጭንቅላቱ ውስጥ አስቀምጦታል። ቢሮው ውስጥ ግን ስንትና ስንት ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ አየሩን ሲጠብቅ ይውላል። ይህን ሁሉ ጽፋ ልካለች። «ከተረት ጋር የተቀላቀለ፤ ተዓማኒነቱ ዝቅተኛ» ተብሎ ተመለሰላት። ከበንቲ ጀርባ ያለውን «እውነተኛ ዕቅድ አውጪ» እንድትፈልግ ታዘዘች። አንድ ክረምት ሙሉ የሌለ ሰው ስትፈልግ ከረመች።

ግንባሯን ከመስኮቱ ጋር ብታጋጨው ይቀላት ነበር።

የኦልጅራ ቤት ግማሹ ያላለቀ ቪላ ነው። ቀለሙን ያቀረበችው እሷ ስለሆነች ዘበኛው ሳይጠይቃት አስገባት። ኦልጅራ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል። ለእሷ የሚናገረው ለሕፃን እንደሚናገሩት፣ ቀስ እያለ ነው።

«እሺ ሐሚዳ። ሽማግሌው መጡ?»

«እየመጡ ነው ዶክተር።»

«ብቻቸውን ይግቡ በያቸው። መሣሪያ የለም፣ አጃቢ የለም። በጓሮ በኩል። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

ስልኩ ጮኸ። ሐሚዳን አያት። ከዚያ ፊቱን እንኳ ሳያዞር በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረ።

ሐሚዳ ጎንበስ ብላ የግድግዳውን ልስን በጣቷ መዳበስ ያዘች።

ኦልጅራ ሽማግሌው በጓሮ እንደሚገባ ለደዋዩ ተናገረ። እንደማይወጣም። ተደራዳሪዎቹ ወደዚህ አይመጡም፤ እሱ ራሱ ሆቴሉ ይሄድና ስለ ታጣቂዎቹ ሁሉ ይፈርማል። «እርስ በርስ ተጋደሉ ይባላል» አለ። «ማይም ከማይም ሲጋደል ማን ይጠይቃል?» ከስልኩ ወዲያ ያለው ሰው አንድ ነገር ተናገረ። ኦልጅራ ሳቀ። «አዎ፣ አነበብኩት። ተራራውን በአያት ስም የሚቆጥር ጄኔራል። ቆንጆ አባባል ናት።»

እጇ ግድግዳው ላይ ደረቀ።

አባባሉ የእሷ ነበር። በላከችው ሪፖርት ውስጥ የጻፈችው፣ ቃል በቃል። የላከችውም ለአንድ ሰው ነው።

ለጸሐይወርቅ።

ኦልጅራ ስልኩን ዘጋና ፈገግ አለላት። «የውጭ አገር ወዳጆቻችን ናቸው። ለሰላም ይጸልያሉ።»

«አላህ ይስጣቸው» አለች ሐሚዳ።

ወጣች። አልሮጠችም። ጥጉን እስክትዞር ድረስ ነጠላዋን እያስተካከለች ሄደች።

ገልባጩ አይሱዙ ብሎኬት ማምረቻው አጥር ሥር ቆሟል። ዳዲ መሪውን ይዟል። ከጎኑ በንቲ ተቀምጧል፤ ጢሙ የሸበተ፣ ቀጭን ሰውዬ። ከሰው የተዋሰው ኮት እጅጌው አጥሮበታል። ጫማው አዲስ ነው። ለተማረ ሰው ፊት የሚመጥን ብሎ ነው የገዛው፤ እግሩን ልጦታል።

ገብታ ለመቀመጥ ጊዜ አልነበራትም። በበንቲ በኩል ያለውን በር ከፍታ ቆመች።

«ኦቦ በንቲ፣ እዚያ ቤት አይግቡ።»

«ለምን ልጄ?»

«ሊያስገድልዎት ነው። ዶክተሩ።»

በንቲ አልደነገጠም። እንደ አባት ገሠጻት። «ተይ። እሱ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም። የተማረ ሰው ነው።»

«የተማረ ሰው አይገድልም ያለው ማነው?»

«የዚያ ቤት ነገር ጭንቅ ጭንቅ ብሎኝ መኪናውን መልሻለሁ። ግን እኔ ምን አውቃለሁ? የእኔ ፊርማ አውራ ጣቴ ነው። እሱ አገር ያስተማረ ነው። ልቤ ከሚለኝ እሱ የሚለኝ ይሻላል።»

ሐሚዳ ዓይኗን ጨፈነች። እዚያ ቢሮ ውስጥ ሰውየው ምንም አያውቅም ይላሉ። እዚህ ሰውየው ራሱ ምንም አላውቅም ይላል። በሁለቱ መሃል እሷ ብቻዋን ቆማለች።

«በጆሮዬ ሰማሁት። በስልክ ሲናገር።»

«ለማን?» አለ ዳዲ።

«አላውቅም… በእንግሊዝኛ ነበር።»

ከአፏ ወጣ።

ዳዲ ቀስ ብሎ ዞረ። «እንግሊዝኛ?»

የበሩን እጀታ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«የባልዲ ጽሑፍ እኔ እያነበብኩልሽ እንግሊዝኛ በየት ሰማሽ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። አንድ ፈረንጅ ቤት ሠርቻለሁ ብትል ያምናት ይሆናል። በንቲ ግን አያምናትም፤ አይነሳም። ብቻውን በጓሮ ይገባል። እሱ ከሞተ በየሸንተረሩ ካሉት ልጆች አንድም ለእርቅ አይወርድም። ጦርነቱ እዚህ ከተማ ድረስ ይነድዳል።

«የመንግሥት ሰው ነኝ» አለች። «ከመጀመሪያውም ጀምሮ።»

የዳዲ እጅ ወንበሩ ሥር ገባ። ሽጉጡ ወጣ።

አፈሙዙ ወደ ሐሚዳ ዞረ።

«ተው» አለ በንቲ። እጁን በዳዲ ክንድ ላይ አኖረ። ወደ ሐሚዳ ዞረ። «ስለ እኔ ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«ሁሉን በጭንቅላትዎ እንደያዙ።»

«እነሱስ?»

«አላመኑኝም። የሚያስብለት ዶክተሩ ነው አሉ።»

በንቲ ራሱን ነቀነቀ። የተናደደ አይመስልም፤ የደከመው ነው የሚመስለው። «ኦልጅራ ስለ ሸንተረሩ የሚያውቀውን የነገርኩት እኔ ነኝ። እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ሲጠይቀኝ ያመሽ ነበር። በነጋታው ለሰው ሲናገረው ስሰማ ከእኔ አፍ ከወጣው ይልቅ አማረልኝ። እኔም የእሱ መሰለኝ። ሲቆይ ራሴንም ተጠራጠርኩ።» ኮቱን አወለቀና እግሩ ሥር ጣለው። «እርቁን የሚያወራው ሰው የት ነው ያለው?»

«ላፍቶ። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ። ጋዜጠኞች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ። በእግርዎ ከገቡ እንደጠፉ ሊደረግ አይችልም።»

«ዳዲ፣ ንዳ።»

ዳዲ ሽጉጡን መለሰ። እሷን ሳያይ ሞተሩን አስነሳ። ሐሚዳ በበንቲ ጎን ተጠጋግታ ተቀመጠች።

ሀና ማርያም ሳይደርሱ ነጩ ፒካፕ ከኋላ መጣ። ሾፌሩ አጠገብ ግራጫ ጃኬት።

«አገኙን» አለች።

ዳዲ ባጃጆቹን በጥሩምባ በተነ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ቲማቲምና ሽንኩርት ተዘርግቷል፣ በሌላው የተቆለለ ብረት። ፒካፑ እየቀረበ መጣ። ስልኳ ጮኸ። የቀለም አከፋፋይ።

«የት ነሽ ሚዛን?»

በስልክ ላይ ያን ስም ጠርታት አታውቅም።

«ተልእኮዬን እየፈጸምኩ ነው። ሰውየውን እያደረስኩ።»

«አቁሚው። የማታውቂው ነገር ውስጥ ገብተሻል።»

«የማያውቁት እርስዎ ነዎት» አለች ሐሚዳ። «እሱ ከሞተ እርቁን የሚፈርምልዎት ሰው የለም። ማን ምን እንደሚያውቅ አልገባዎትም። ጽፌ ነበር።»

ሲም ካርዱን አውጥታ በመስኮት ወረወረችው።

«አሸዋውን» አለ በንቲ ረጋ ብሎ። «ድልድይዋን እንዳለፍን ልቀቀው።»

ዳዲ ማንሻውን ሳበ። የገልባጩ ሳጥን እያቃሰተ ተነሳ። አሸዋው ከድልድይዋ አፍ ላይ እንደ ግድግዳ ፈሰሰ። ፒካፑ ፍሬን ይዞ ተንሸራተተና አፍንጫውን አሸዋው ውስጥ ቀበረ። ሴቶች ጮኹ። የፒካፑ በር ተከፈተ።

ተኩስ።

በዳዲ በኩል ያለው መስታወት ረገፈ።

መኪናው አንዴ ወደ ግራ ተወላገደ። ከዚያ ተስተካከለ። ዳዲ ቀና ብሎ ይነዳል። ሸሚዙ ከብብቱ ሥር መጨለም ጀምሯል።

«ዳዲ፣ ቁም። እኔ ልንዳ።»

«ቁጭ በይ።»

እውነቱን ከሰማ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገራት ነው። በንቲ ነጠላዋን ተቀብሎ ቁስሉ ላይ ተጫነው። የላፍቶ ሕንፃዎች መታየት ጀመሩ።

«ያን ሁሉ ስትሳሳቺ» አለ ዳዲ፤ ትንፋሹ አጥሯል፤ «ታውቂው ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«እኔ እኮ ለእህቴ… አንዲት ሴት ማንበብ አስተማርኩ ብያት ነበር።»

ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ይቅርታ የሚባለው ቃል ለዚህ አልተሠራም።

መኪናውን ሆቴሉ በር ላይ፣ ከጋዜጠኞቹ መኪኖች ኋላ አቆመው። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ።

በንቲ የሞተውን የሚስቱን ወንድም ጭንቅላት በእጁ ነካ። ወረደ። አሸዋና ደም የነካው ሸሚዝ እንደለበሰ፣ እያነከሰ፣ በዋናው በር ገባ። ጥበቃዎቹ ሊይዙት ሲሉ አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ተነስቶ ስሙን ጠራው። ካሜራዎቹ ሁሉ ዞሩ።

ኦልጅራ በሌላ መንገድ ቀድሞ ደርሶ ኖሯል፤ መድረኩ ላይ ነበር። ፊቱ የአንድ ዓይን ጥቅሻ ያህል ነጣ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሮጠ።

«አባታችን!» ብሎ አቀፈው። ካሜራዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ።

በንቲ አላቀፈውም፣ አልገፋውምም። ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ። በኦሮምኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ስለ አንድ ምንጭና ስለ ሁለት ወንድማማቾች፣ ስለ ጥንድ በሬም ተናገረ። አዳራሹ የሽማግሌ ተረት መሰለውና በትዕግሥት አዳመጠ። አንዳንዱ ፈገግ አለ። ሐሚዳ ከኩሽናው በር ጀርባ ቆማ ስትሰማ ግን ገባት። ትእዛዝ ነበር። በካሜራዎቹ በኩል ለየሸንተረሩ፣ ለየሰዉ፣ መቼና በየት እንደሚወርድ።

በኩሽናው ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ አማፂያኑ ወረዱ። ጠመንጃቸውን እንደ ማገዶ ተሸክመው፣ እያንዳንዱ ቡድን በተነገረው መንገድ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። በቴሌቪዥን ዶክተር ኦልጅራ «ላልተማረው ታጋይ የሰላምን ጥቅም ለማስረዳት የወሰደብን ጊዜ» እያለ ሲያብራራ አመሸ። አማካሪ ተደርጎ ተሹሟል። በንቲ «ለደኅንነቱ ሲባል» ጥበቃ ባለበት ቤት ተቀምጧል። ማንም ቃለ መጠይቅ አላደረገለትም።

ጸሐይወርቅ ሐሚዳን ያነጋገረቻት መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ቁጣ አልነበራትም።

«ዕድለኛ ነሽ። ውጤቱ ባያምር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።»

«የሞተ ሰው አለ።»

«አዝናለሁ። ሾፌሩ።»

«ዳዲ ይባላል። ትእዛዙን የሰጠው ማነው?»

«ምን ሰማሁ እንደምትዪ አላውቅም። የተቀዳ ነገር አለሽ? የለሽም።» ጸሐይወርቅ ወንበሯን አስጠጋች። አሁን ዓይኗ ውስጥ እውነተኛ ጉጉት ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያ አዳራሽ ውስጥ የተናገረው። ባለሙያዎቻችን ገና አሁን ነው የፈቱት። እንደዚያ ተቀናብሮ፣ ያን ያህል ቦታና ሰው በአንድ ተረት። ማን ጻፈለት?»

ሐሚዳ አየቻት። ያን ያህል ተምራ፣ ያን ያህል ብልህ ሆና፣ ከልቧ ነው የምትጠይቀው።

«ማንም አልጻፈለትም።»

«ኦልጅራ አይደለም፤ ጠይቀነዋል። ስለዚህ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።»

«የለም። ራሱ ነው።»

ጸሐይወርቅ ተነፈሰች። «ደክሞሻል። ዕረፍት ውሰጂና አስቢበት። ያን ሰው ማግኘት አለብን።»

ሐሚዳ የምትለው ነበራት። ብዙ ነበራት። ተነስታ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ማንም አልተከተላትም።

የዳዲ ለቅሶ ፉሪ ላይ፣ ከቤቱ ደጅ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆማ ከሩቅ አየችው። እህቱ ሶሬቲ ደረቷን እየደቃች ስሙን ትጠራለች። ሐሚዳ መግባት አልቻለችም። ምን ሆኜ ልግባ? ብላ ተመለሰች።

የቀለም ሱቁ ለሌላ ሰው ተከራየ። ለቡ ውስጥ አንዳንዱ አገሯ ገባች አለ፣ ሌላው ባል አገባች።

ከአዲስ አበባ ብዙ ርቆ ባለ ትንሽ ከተማ አንዲት ሴት ከአውቶቡስ ወረደች። አንድ ፌስታልና አንድ ብርድ ልብስ ይዛለች። ወፍጮ ቤት ሠራተኛ እንደሚፈለግ መንገድ ላይ ሰምታ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዱቄት የነካው እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ማን ልበል?»

«ተሾመች» አለች ሴትየዋ።

ስሙን ራሷም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ከአፏ ሲወጣ ነው።